የእናቷ ስም

አለቃዬ ሁለት ድምፅ አላት። አንደኛውን ቀን ቀን እንሰማዋለን። ዝግ ያለና የተለካ እንግሊዝኛ ነው፤ አንዲት ቃል አይባክንበትም። ሁለተኛውን የሰማሁት አብሬያት መሥራት ከጀመርኩ ከስምንት ወር በኋላ ነው።

የበጀት ሰሞን ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፏል። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ቁጥር እናመሳክራለን። በር ተንኳኳና የጽዳት ሠራተኛዋ ጋሪያቸውን እየገፉ ገቡ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። ሰው መኖሩን ሲያዩ ደንገጥ ብለው ሊመለሱ ሲሉ አለቃዬ ብድግ አለች። የቆሻሻ ቅርጫቱን ከጠረጴዛዋ ሥር ራሷ አውጥታ አቀበለቻቸው። ከዚያ በስፓኒሽ ወሬ ያዙ። ድምጿ ተለወጠ። ፈጠነ፣ ከፍ አለ፣ ሳቅ ገባበት። እጇ ሳይቀር አብሮ ያወራ ጀመር። በመሃል «ኡስቴድ» ስትል ሰማሁ። ስፓኒሽ አልችልም፤ ያቺን ቃል ግን አውቃታለሁ። የእኛ «እርስዎ» ናት።

ቀኑን ሙሉ ለድርጅቱ ፕሬዚዳንትም ለተላላኪውም አንድ ዓይነት «ዩ» ስትል የዋለች ሴት፣ ማታ ላይ አንቱ የምትላቸው ሰው አገኘች። እኔ እዚያ ተቀምጬ ሆዴ ባባ። ለምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። በኋላ ሳስበው፣ እኔም ስንት ዓመት አንቱ የምለው ሰው ሳጣ ኖሬያለሁ።

ሴትየዋ ከወጡ በኋላ ወደ ቁጥሩ አልተመለስንም። «እናቴ እኮ ይህን ሥራ ነበር የምትሠራው» አለችኝ። እዚሁ ዋሽንግተን ኬ ስትሪት ላይ፣ የጠበቆችና የባንክ ቢሮዎች ባሉባቸው ፎቆች፣ ከ20 ዓመት በላይ። ሁልጊዜ ማታ።

ኬ ስትሪትን እኔም አውቀዋለሁ። ከሥሩ ነው የማውቀው። በ2008 በዲቪ ስመጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ነበር። ዋሽንግተን የኖረ ሐበሻ ይህን ማብራራት አያስፈልገውም። ምድር ቤት፣ ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ፣ ከትንሽ ማሞቂያ ጋር። ቲኬት እቀበላለሁ፣ ገንዘብ እቆጥራለሁ፣ መሃል መሃል የአካውንቲንግ መጽሐፌን እገልጣለሁ። ማታ ማታ የጽዳት ሴቶቹ ሥራቸውን ጨርሰው በእኔ በኩል ይወጡ ነበር። አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶር ናቸው። አንዳንዴ በፎይል የተጠቀለለ ፑፑሳ፣ ውስጡ የተሞላ የበቆሎ ቂጣቸውን፣ በመስኮቴ ያስገቡልኛል። እኔም ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ዳቦ እቆርስላቸዋለሁ። ቋንቋ የለንም። እጅ ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ግን ሁለታችንም እናውቅበታለን።

እንግዲህ ሕንፃው እንዲህ ነበር። ከሥር እኛ፣ ማታ ከላይ እነሱ፣ ቀን ቀን ደግሞ ስማቸው በር ላይ የተጻፈላቸው ሰዎች።

ሐበሻውም ሳልቫዶራዊውም ወደዚህ ከተማ የመጣነው ተቀራራቢ በሆነ መንገድ ነው። እኛ ከደርግና ከጦርነቱ ስንሸሽ፣ እነሱም ከ1980 እስከ 1992 ከቆየው የእርስ በርስ ጦርነታቸው ይሸሹ ነበር። ወደ 75,000 ሰው አልቆበታል። ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ ካሉ ስደተኞች በቁጥር ቀዳሚዎቹ ሳልቫዶራውያን ናቸው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ አርላንድሪያ የሚባል ሰፈር አለ። ነዋሪዎቹ ግን ቺሪላግዋ ነው የሚሉት፤ ትተውት በመጡት ከተማ ስም። እኛ አንዱን መንገድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ለማሰኘት ስንደክም፣ እነሱ ማንንም ሳይጠይቁ ሰፈሩን በአገራቸው ስም ጠሩት።

አለቃዬም ከኤል ሳልቫዶር በሰባት ዓመቷ ነው የመጣችው። በዘጠኝ ዓመቷ የቤቱ አስተርጓሚ ሆነች። ክሊኒክ እሷ፣ ትምህርት ቤት እሷ፣ ከአከራዩ ጋር ክርክር እሷ፣ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ሲመጣ እሷ። ሐኪሙ ስለ እናቷ ማህፀን የተናገረውን ለራሷ ለእናቷ የነገረችው በ11 ዓመቷ ነው። ቃሉን በስፓኒሽ አታውቀውም ነበርና ሆዷን እየነካች አሳየቻት። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ምሬት አልነበረም። ድርድር የት እንደተማረች ሰው ሲጠይቃት ግን የንግድ ትምህርት ቤቷን ስም ነው የምትጠራው። እኔ አከራዩ በር ላይ ይመስለኛል የተማረችው። እናቷን ሳታሳፍር፣ ሰውየውን ሳታስቆጣ፣ አንድ ወር ጊዜ ማግኘት ነበረባት። በዘጠኝ ዓመቷ።

የስደተኛ ልጅ አድጎ አለቃ ሲሆን የሚገርማቸው ሰዎች ይገርሙኛል። ያ ልጅ ከሌላው በፊት ነው ኃላፊነት የጀመረው። ችግሩ ሌላ ነው። አስተርጓሚ ሁልጊዜ መሃል ላይ ነው የሚቆመው። ሁለቱም ወገን ይፈልገዋል፣ ሁለቱም ወገን ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው አይለውም። እነሱ ለዚህ አባባል አላቸው፤ «ኒ ዴ አኪ፣ ኒ ዴ አያ»፤ ከዚህም አይደለሁ፣ ከዚያም አይደለሁ።

«ላቲና»፣ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላት ሴት የምትጠራበት ስም፣ ራሱ ከዚህ መሃል የወጣ ነው። አለቃዬ እንዳለችኝ እናቷ አገራቸው ሳሉ ላቲና ሆነው አያውቁም። ሳልቫዶራዊት ነበሩ፣ የሳን ሚጌል ሰው። ላቲና የሆኑት እዚህ መጥተው ቅጽ ሲሞሉ ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ይህን የዝርያ ጥያቄ በ1970 ለጥቂት ቤቶች ብቻ አቀረበ። በ1980 ሁሉም ሰው የሚመልሰው ሆነ። በዚያች አንዲት ሳጥን ውስጥ ከ1917 ጀምሮ ዜጋ የሆኑት ፖርቶ ሪኮዎች አሉ፤ ድንበሩ እነሱን ያቋረጣቸው የቴክሳስ ሜክሲኮዎች አሉ፤ ኩባዎች አሉ፤ እኔን የምትመስል ጥቁር ዶሚኒካን አለች። አንድ ጊዜ አሳንሰር ውስጥ አንዷን በአማርኛ ሰላም ብያት በስፓኒሽ መለሰችልኝ። ሁለታችንም ዘመድ ያገኘን መስሎን ነበር።

እኛም ይህን እናውቀዋለን። አዲስ አበባ እያለሁ «ጥቁር» ብዬ ራሴን ጠርቼ አላውቅም። የዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት ወርጄ ወር ሳይሞላኝ ቅጽ ላይ ምልክት አደረግኩ። ስሙ መጀመሪያ ከውጭ የተሰጠ ነው። ቆይቶ ግን የራስ ይሆናል፤ አብሮት የሚመጣውን ስለምትኖረው። አለቃዬም ላቲና ነኝ ስትል ቅጹን ማለቷ አይደለም። አብረው ማታ አውቶቡስ የጠበቁትን ሴቶች ማለቷ ነው።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልጥቀስ፤ ሥራዬ ቁጥር ነውና። ላቲናዎች ከአሜሪካ ሕዝብ ከመቶ ዘጠኝ ይበልጣሉ። በትልልቅ ኩባንያዎች የላይኛው አመራር ውስጥ ግን ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው። የአሜሪካን 500 ትልልቅ ኩባንያዎች የሚደረድረው የፎርቹን 500 ዝርዝር መውጣት የጀመረው በ1955 ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለ ኩባንያ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመራች የመጀመሪያዋን ላቲና ለማየት 62 ዓመት ፈጀ። ኩባ የተወለዱት መሐንዲስ ጌይሻ ዊሊያምስ በማርች 2017 የካሊፎርኒያውን የመብራትና ጋዝ ኩባንያ ፒጂ ኤንድ ኢን ያዙ። ከሰባት ወር በኋላ ሰሜን ካሊፎርኒያ በሰደድ እሳት ተያያዘ። በዓመቱ ሌላ የባሰ እሳት መጣ። ኩባንያው የእሳቱ ዕዳ ከብዶት በጃንዋሪ 2019 ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። እሳቸውም በዚያው ወር ለቀቁ።

ስለ እሳቱ ማን ምን ያህል ተጠያቂ ነው የሚለውን ለመዳኘት አልደፍርም። ሰው ሞቷል፣ ከተማ ነዷል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ወንድ ሥራ አስፈጻሚ ሲለቅ ከብዙ መቶ አንዱ ለቀቀ ይባላል። እሳቸው ሲለቁ ቁጥሩ ከአንድ ወደ ዜሮ ወረደ። ይህን ሸክም ማንም ደመወዝ ላይ አይጨምርላችሁም። በዲሴምበር 2022 ደግሞ ፕሪሲላ አልሞዶቫር የቤት ብድር ኩባንያው የፋኒ ሜይ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ዋና ቢሮው እዚሁ ዋሽንግተን ነው፣ እኔ ቲኬት ስቀበልበት ከነበረው ጋራዥ በእግር የሚደረስ። ያን ቀን አለቃዬ ዜናውን ለእናቷ በስልክ ስታነብ ሰማኋት፤ እየተረጎመች። እሳቸውም በኦክቶበር 2025 ከቦታው ተነስተዋል።

ወደ ትርጉም ልመለስ። በ1972 አሪዞና ውስጥ፣ የእርሻ ሠራተኞች ሲታገሉ፣ ሰዎች «እዚህ አይቻልም» ሲሏቸው ወይዘሮ ዶሎሬስ ሁዌርታ «ሲ ሴ ፑዌዴ» አሉ። ይቻላል ማለት ነው። ከ36 ዓመት በኋላ ያ ቃል በእንግሊዝኛ ሆኖ የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ መፈክር ሲሆን አገር ምድሩ ያዘው። ኦባማም በ2012 የነፃነት ሜዳሊያ ሲሸልሟቸው ቃሉ የእሳቸው መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ በዚያ ዘመቻ ጊዜ ገና እንደመጣሁ ነበር፣ መፈክሩን በቃሌ ይዤዋለሁ። የሴትየዋን ስም የሰማሁት ከአለቃዬ ነው። ቃሉ ድንበር ተሻገረ፣ የተናገረችው ሴት ከኋላ ቀረች። በስብሰባ ላይም ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አለቃዬ አንድ ሐሳብ ታመጣለች፤ ጠረጴዛው ዝም ይላል። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሌላ ሰው በሌላ ቃል ይለዋል፤ «ጥሩ ሐሳብ» ይባላል። ማስታወሻ የምይዘው እኔ ስለነበርኩ የመጀመሪያዋን ተናጋሪ ስም እየጻፍኩ እልክ ነበር። ማድረግ የምችለው እሱን ነበር፣ አደረግኩት።

አስተዳደጋችን ላይ ብዙ አውርተናል። እሷ ቤት «ካያዲታ ቴ ቤስ ማስ ቦኒታ» ይባላል፤ ዝም ስትይ የበለጠ ታምሪያለሽ። እኔ ቤት ጨዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ ነው። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። ይሉኝታን ለእሷ ማስረዳት ሁለት ምሳ ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ «እናንተም አላችሁ፣ ስም አልሰጣችሁትም እንጂ» አልኳትና ተስማማች። ከዚህ ቤት ወጥተሽ ስብሰባ ላይ «ለምን አትናገሪም?» ትባያለሽ። ስትናገሪ ደግሞ ሌላ ይመጣል። እሷ ድሮ በሠራችበት አንድ ድርጅት የዓመቱ ግምገማዋ ላይ «ስሜታዊ ናት» ተብሎ ተጽፎላታል። አንድ ቁጥር ትክክል አይደለም ብላ ስለተከራከረች ነው። ቁጥሩ ትክክል አልነበረም። ስለ ላቲና ሴት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ያለ ትኩስ፣ ተቆጪ የሆነ ሥዕል አለ። ስለ እኔ ዓይነቷ ደግሞ ዝምተኛ፣ ትሑት፣ ታዛዥ የሚል። እሷ ድምጿን መቀነስ ተማረች። እኔ መጨመር ተማርኩ። ሁለታችንም መሃል ላይ ያለች፣ የማናውቃት ሴት ለመሆን ስንት ዓመት ፈጀን።

ያቺ የተለካች የቀን ድምፅ ከዚያ ነው የመጣችው። ይህን ስረዳ ተናደድኩ። አሁንም እናደዳለሁ።

ሴፕቴምበር ሲመጣ ደግሞ ይፈልጓታል። ሴፕቴምበር 15 ኤል ሳልቫዶርን ጨምሮ የአምስት የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች የነፃነት ቀን ነው። አሜሪካ የሂስፓኒክ፣ ማለትም የስፓኒሽ ተናጋሪ ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ ቅርስ ወር የምትለው ከዚያ ቀን ይጀምራል። የእኛ እንቁጣጣሽ በዚያው ሰሞን ስለሚውል እሷ ፑፑሳ፣ እኔ ድፎ ዳቦ ይዘን እንመጣ ነበር። ያ ደስ የሚል ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ንግግር አድርጊ፣ ፎቶ ተነሺ፣ ኮሚቴ ምሪ፣ የመጋዘኑን የደህንነት ማስታወቂያ ወደ ስፓኒሽ ገልብጪልን ይሏታል። ማስታወቂያውን ሌሊት ቤቷ ቁጭ ብላ ተረጎመችው። ባለሙያ ቢሠራው የሚከፈልበት ሥራ ነው። ለምን እምቢ እንዳላለች ስጠይቃት፣ «መጋዘን ውስጥ ያለው ሰው እጁን ቢያጣስ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለበት ሰው እምቢ ማለት አይችልም። ሥራውን ያመጡባትም ይህን ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ስሟ። የእሷን ስም በትክክል ለመጥራት «ር»ን ጠበቅ አድርጎ ማንከባለል ይጠይቃል። ለአማርኛ አፍ ምንም አይደለም። እዚህ ግን ለ12 ዓመት በአጭሩ ነበር የሚጠሯት፤ እሷም ተው አላለችም። በእነሱ ልማድ ደግሞ ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፣ የአባቱና የእናቱ። እንግሊዝኛው የቢሮ ቅጽ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው። የእናቷ ስም መጀመሪያ ትምህርት ቤት ወደቀ፣ ከዚያ ባንክ፣ ከዚያ ሥራ።

ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነች ዕለት የላከችው የመጀመሪያ ኢሜይል ሥር ሙሉ ስሟ ነበር። ፊደሉ ላይ ካለው የድምፅ ምልክት ጋር፣ ከእናቷ ስም ጋር። ማብራሪያ የለውም። አንዳንዱ ሰው አግብታ መስሎት እንኳን ደስ አለሽ አላት። እኔ ኢሜይሉን ደጋግሜ አየሁት። የእኛ ስም አጠራር የእናት ቦታ የለውም። እኔ፣ አባቴ፣ አያቴ። በቃ። እናቴ ለእኔ ዲቪ ሂሳብ አምባሯን ሸጣለች፤ ስሟ ግን የትኛውም ወረቀቴ ላይ የለም። ያን ቀን ማታ ደወልኩላት። ምን እንደምላት ስላላወቅኩ ስለ ዝናቡ አወራን።

በአንድ ነገር ከአለቃዬ ጋር አልስማማም፤ ነግሬያታለሁም። እሷ «እኔ ከገባሁ በሩ ተከፍቷል» ብላ ታምን ነበር። ይህን ለማመን ጥሩ ምክንያት አላት። እናቷ በ1990ዎቹ በጽዳት ሠራተኞቹ ማኅበር እንቅስቃሴ ውስጥ ነበሩ። በ1995 እነዚያ ሠራተኞች ወደ ዋሽንግተን የሚያስገባ ድልድይ ዘግተው ከተማዋን ሲያቆሙ አብረው ቆመዋል። ግን እኮ እናቷ ድልድዩን የዘጉት ብቻቸውን አልነበረም። ልጅቷ ነች ብቻዋን ዘጠነኛ ፎቅ የወጣችው። ባለፈው ዓመት የተሻለ ሥራ አግኝታ ስትለቅ ነገሩ ታየኝ። ቦታዋ ላይ የተተካው ጎበዝ ሰው ነው፣ ክፉ አልናገርም። የአመራሩ ፎቶ ያለበትን ገጽ ስከፍት ግን ሁለት ስም ያለው ሰው የለም። የሂስፓኒክ ወር ፎቶዎቹ ገና አልወረዱም። እኔ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ነኝ። አምስት ሰው ሥሬ አለ። ሰው ስቀጥር ብቻዬን እንዳልሆን አድርጌ ለመቅጠር እሞክራለሁ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

ከጥቂት ሳምንት በፊት እሑድ ቺሪላግዋ ወስዳኝ ምሳ በላን። እናቷም መጥተው ነበር። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ጉልበታቸው ያማቸዋል። ፑፑሳውን በእጄ ስበላ አይተው ሳቁ፤ እኛም በእጅ እንደምንበላ ልጃቸው ነገረቻቸው። እሳቸው በስፓኒሽ፣ እኔ በእንግሊዝኛ፣ እሷ መሃላችን ተቀምጣ፣ በዘጠኝ ዓመቷ እንደነበረችው።

ስለ ቢሮው ጠየቁኝ። ምንጣፉ አሁንም ያ ቡናማው ነው? አሉ፤ ልጃቸው ፎቶ አሳይታቸው ነበር። ተቀይሯል አልኳቸው። መስኮቱስ ይከፈታል? አይከፈትም። ትንሽ ዝም አሉና አንድ ነገር ጠየቁ። ልጃቸው ወዲያው አልተረጎመችም። ሹካዋን አስቀመጠች።

«አሁን ማታ ማነው የሚመጣው ትላለች።»

ስሟን ነገርኳቸው። ከሆንዱራስ ናት፣ ወጣት ናት፣ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ትደርሳለች። ከእኛ ክፍል ነው የምትጀምረው። ልጇ አሥረኛ ክፍል ነው፣ አልጀብራ ይከብደዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ይዛው ስትመጣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል።